ከእጅ በፊት ዓይን
የቤት እንስሳ በድንገት ሲታመም ስለሚገባው ጥንቃቄ በራዲዮ የተነገረ

በዛሬው ንግግሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ለአንዳንድ ሰው አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በግቢያችን ያሳደግነው፣ ልጆቻችን ስም አውጥተው የሚጠሩት፣ ማታ ከሥራ ስንመለስ እየቦረቀ ከበር የሚቀበለን ውሻ በድንገት የታመመ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባናል የሚለው ነው። ጉዳዩ ግን ሲመረምሩት አነስተኛ አይደለም። በአንድ በኩል የቤተ ሰብን ልብ የሚነካ ኀዘን አለበት፤ በሌላው በኩል ደግሞ የተዘነጋ እንደ ሆነ የሰውን ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ አደጋ አለበት። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ የዚህን እንስሳ ታማኝነት በአጭር ቃል መስክረውለታል። ይሁን እንጂ የቆየው ልማዳችን ውሻን ከግቢ ጠባቂነት አሳልፎ የሚያየው ስላልሆነ፣ ስለ ታመመ ውሻ የሚጨነቅ ሰው ዛሬም ቢሆን በጎረቤቱና በሥራ ባልደረባው ዘንድ መሣቂያ እንዳይሆን ይሠጋል። በእውነቱ ግን እንስሳን መውደድ ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ብቻ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ሉሉ የሚሉት ትንሽ ውሻ እንደ ነበራቸው በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የሚያሳፍረው መውደዱ አይደለም። የሚያሳስበው፣ ፍቅር በድንጋጤ ጊዜ ማስተዋልን ትቶ እጁን ያስቀደመ እንደ ሆነ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም በአንድ አነጋገር የሚጠቃለል ነው፤ የሚወዱት እንስሳ በድንገት ሲታመም ከእጅዎ በፊት ዓይንዎ ይቅደም።

እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ከመሥሪያ ቤት ተመልሰው ወደ ግቢዎ ሲገቡ ውሻዎ አልተቀበለዎትም እንበል። ከአንድ ጥግ ተጋድሞ ዓይኑን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ልጆቹ ከበውታል። የቤት ሠራተኛዋ ወተት አቅርባለታለች። ዘበኛው «መርዝ በልቶ ይሆናልና ዘይት እናጠጣው» ይላል። ጎረቤትዎ ደግሞ በአጥር ላይ ብቅ ብለው «አጥንት አንቆት እንደ ሆነ አፉን ከፍታችሁ እዩለት» ይላሉ። ይህ ሁሉ በቅን ልቦና የተሰጠ ምክር ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት አንዱም ቢሆን ሳይመረመር ሊፈጸም አይገባውም።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ተግባርዎ ልጆቹን ገለል ማድረግ ይሁን። ውሻው መራመድ የሚችል ከሆነ ጸጥ ወዳለና ሊዘጋ ወደሚችል ክፍል ይግባ፤ መራመድ የማይችል ከሆነ ባለበት ይቈይና ሰው ከአጠገቡ ይራቅ። ከዚህ በኋላ በጥቂት ርቀት ቆመው ይመልከቱት። አረማመዱ እንዴት ነው? ይንገዳገዳልን? ሆዱ ተነፍቷልን? ያስመልሰዋልን? ከዐይነ ምድሩ ጋር ደም አለበትን? ለሐጩ ይዝረበረባልን? ድምፁ ተለውጧልን? ጤነኛ ውሻ ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይተነፍሳልና፣ ሰዓትዎን ይዘው የደረቱን መነሣትና መውደቅ ይቍጠሩ። ቀጥሎም ቤተ ሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ መጨረሻ ምግብ የበላው መቼ ነው? ከግቢ ወጥቶ ነበርን? ከሌላ ውሻ ጋር ተነካክሷልን? የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው አለን? መልሱን በወረቀት ላይ ይጻፉት። በመሥሪያ ቤት የሚቀርብልዎትን ጉዳይ ሳያጣሩ እንደማይወስኑበት ሁሉ፣ በቤትዎም ሳያጣሩ አይወስኑ።

እጅ ይዘግይ የምልበት ዋናው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ቫይረስ በሚባል እጅግ ረቂቅ ተሐዋስ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በታመመው እንስሳ ምራቅ ነው። ምራቁ በንክሻ ወይም በቧጨራ ወደ ሰው ሰውነት ይገባል፤ የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንን ወይም አፍን በመላስም ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶ 99 የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጅ ወዳጁ ሲታመም አቅፎ ሊያጽናናው ይፈልጋል።

ስለዚህ በሽታ በሕዝባችን ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ያበደ ውሻ ሁልጊዜ ቁጡና ተናካሽ ነው የሚል ነው። እርግጥ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ አለ፤ ነገር ግን በሽታው ሌላም መልክ አለው። በዚህኛው መልኩ ውሻው ይፈዛል፣ ከጨለማ ይሸሸጋል፣ መንጋጋውና ጕሮሮው ስለሚሰንፍ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፣ መዋጥም ስለሚያቅተው ለሐጩ ይወርዳል። የሚያየው ሰው ሁሉ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። አዛኝ የሆነ ሰውም አጥንቱን አወጣለሁ ብሎ እጁን ወደ አፉ ይከታል። በመሆኑም ጎረቤትዎ የሰጡት ምክር ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ነበር። ሁለተኛው ስሕተት፣ ውሻው ውሃ ከጠጣ አላበደም የሚል ነው። ውሃ መፍራት በዚህ በሽታ በተያዘ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት እንጂ ውሻን ለመለየት የሚያገለግል አይደለም። ስለዚህ በውሃ ፈትነው አይደምድሙ።

ውሻው ሰው ነክሶ እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ስናገር ቀላል ይመስላል፤ በሰዓት ሲለኩት ግን ረጅም ነውና በእርግጥ ሰዓት ይያዙ። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ የተነከሰውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። ሐኪሙ ክትባቱን ያዝዛል፤ እንደ ቁስሉ ክብደትም ሌላ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ቁስሉ ሻረ ብሎ በመካከል ማቋረጥ አይገባም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ቢነክስ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በጤናው ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ዐሥሩ ቀን እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ክትባቱ ይጀመር ወይስ ይቈይ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ይህ ክትባት እንዴት እንደ ተጀመረ ማስታወሱ ለልብ ያጽናናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ባበደ ውሻ ብዙ ጊዜ ተነክሶ ከአልዛስ አውራጃ ወደ ፓሪስ መጣ። ሊቁ ሉዊ ፓስተር በእንስሳት ላይ ሲመረምረው የቆየውን ክትባት ለልጁ እንዲሰጠው አደረገ፤ ልጁም ዳነ። አድጎም በፓሪስ የፓስተር ተቋም በር ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። የሊቁ ስም በእኛም አገር ተተክሏል። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበትን የጉለሌ ሠፈር የአዲስ አበባ ሰው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው በቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ስም ነው።

እንዲህ ያለ የታወቀ መከላከያ እያለ ግን ከተነከሰ በኋላ ሥር ለመጠጣት ወደ ባህል መድኃኒተኛ የሚሄድ ሰው ዛሬም አለ። የአባቶችን ዕውቀት ማቃለሌ አይደለም። የዚህ በሽታ ጠባይ ግን አታላይ ነው። ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ተደብቆ ይቈያል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ወይም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ደግሞም የተነከሰ ሁሉ በሽታው አይይዘውም። ስለዚህ ሥሩን ጠጥቶ በጤና የቆየው ሰው መድኃኒቱ ያዳነው ይመስለዋል። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ግን ሰውን ለማዳን የሚቻልበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ያለፈው ጊዜም ተመልሶ አይገኝም።

ክቡራትና ክቡራን፤

በድንገት የታመመ ውሻ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም። ክትባቱን በየጊዜው ያገኘ፣ ከግቢም ያልወጣ ውሻ ሲታመም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

ቡችላ ከሆነና የሚያስመልሰው፣ ደም የተቀላቀለበትና እጅግ የሚሸት ተቅማጥም የያዘው ከሆነ፣ ፓርቮ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል። ይህ በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ላይ ተሰራጭቶ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ቡችሎችን የፈጀ ነው። ቡችላውን ፈጥኖ የሚገድለው የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ስለሆነ፣ ሐኪም በደም ሥሩ ፈሳሽ ከሰጠው ብዙ ጊዜ ይድናል። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ተሐዋሱ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይኖራል። ስለዚህ ቡችላው የነበረበትን ወለል በሚገባ ካጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና ከ30 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ያጽዱት፤ ያልተከተበ ሌላ ቡችላም ወደዚያ ግቢ ፈጥነው አያምጡ።

ውሻው በድንገት የሚንቀጠቀጥ፣ የሚገተር ወይም ለሐጩ የሚዝረበረብ ከሆነ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። የተባይ ማጥፊያም ሆነ የአይጥ መርዝ በየቤታችን አለ። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ በድዱ መገርጣትና በመድማት ነው። ወተትም ዘይትም መርዝን አያረክሱም። ራሱን የሳተ ወይም የሚንቀጠቀጥ እንስሳ በግድ ሲግቱት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ጨው በጥብጦ ማጠጣትም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ይልቁንስ የመርዙን ዕቃ ወይም ወረቀት ፈልገው ይዘው ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ፣ ለምሳሌ በብዙ ግቢ ለጥበቃ የሚያገለግለው የጀርመን ውሻ፣ ከበላ በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣለት ከሆነ፣ ጨጓራው ተነፍቶ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይድንም። ጊዜውም የሚቈጠረው በሰዓት እንጂ በቀን ስላልሆነ «ነገ ከቢሮ ስመለስ» የሚባልበት አይደለም። እንደዚሁም ወንድ ድመት ለመሽናት እየተቀመጠ ሽንቱ እምቢ ያለው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ያስፈልጋል።

በቅን ልቦና የሚደረግ ሌላም ጉዳት አለ፤ ይኸውም የራሳችንን መድኃኒት ለእንስሳ መስጠት ነው። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን በጥቂቱም ቢሆን ይገድላል፤ አይቡፕሮፌን የሚባለውም የውሻን ጨጓራና ኵላሊት ይጐዳል። ምግባችንም ቢሆን ሁሉ አይስማማቸውም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ ዘቢብ ኵላሊቱን ይጐዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጕሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። በበዓል ማግስት ከዶሮ ወጥ የተረፈውን ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሕመሙ መነሻ እሱ ነው።

ወደ እንስሳት ሐኪም ሲሄዱ የጻፉትን ወረቀትና የክትባቱን ደብተር ይያዙ። የእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ግን ውሻውን አቅፈው በመኪና አይጫኑት፤ እንደ ተዘጋበት ትተው ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩና የሚሰጠውን መመሪያ ይከተሉ። በዚህ መካከል ቢሞትም በባዶ እጅ አይንኩት፤ ቀብረውም ወይም ጥለውም ነገሩን አይዝጉት፤ በሽታውን በእርግጥ ለማወቅ የሚመረመረው አንጎሉ ነውና። ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ እውነቱን ሁሉ ይናገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለባለቤቱም ይሠራል። ያልተከተበ ከሆነ አልተከተበም ይበሉ፤ የሰው መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነም ይህንኑ ይናገሩ። ወጪውንም መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የወር ደመወዝተኛ ቤቱንና ልጆቹን ማሰብ ግዴታው ነውና፣ የመዳን ተስፋው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሕክምናውም ስንት እንደሚፈጅ በግልጽ ጠይቆ በዐቅሙ መወሰን ይገባዋል። ያለ ተስፋ ተበድሮ ማሳከም የፍቅር መለኪያ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ሊድን እንደማይችል ይነግርዎትና፣ ሥቃዩ እንዳይረዝም በመድኃኒት እንዲያንቀላፋ ማድረግ እንደሚሻል ይመክርዎታል። ይህን ቃል መስማት ከባድ ነው። ነገር ግን ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፤ እንዲቈይ የምፈልገው ለእርሱ ነውን ወይስ ለእኔ? መብላት፣ መነሣትና ሰው ማወቅ ላቃተው፣ መዳኛም ለሌለው እንስሳ ሥቃዩን ማሳጠር ጭካኔ ሊባል አይችልም። ለዚህ ተግባር ግን ዱላ፣ ገመድ ወይም መርዝ የሚጠቀም ሰው እንስሳውን ያሠቃያል፤ ግቢውንም ለሌላ አደጋ ያጋልጣል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ለልጆች የሚነገረው ነገርም ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ልጁ እንዳያዝን በማሰብ «ወደ ገጠር ልከነዋል» እንላለን። ልጁ ግን በየቀኑ ይጠብቃል፤ እውነቱን ከጎረቤት ልጅ የሰማ ዕለት ሁለት ኀዘን ያዝናል፤ አንዱ ስለ ውሻው ነው፣ ሁለተኛው ስለ ወላጁ ቃል ነው። ስለዚህ በአጭርና በለሰለሰ ቃል እውነቱን ይንገሩት፤ «በጣም ታሞ ነበር፤ ሐኪሙም ሊያድነው አልቻለም፤ ሞቷል» ይበሉት። ሲያለቅስ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ» ብለው አይገሥጹት። ብዙ ልጆች ሞትን መጀመሪያ የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነውና፣ ኀዘኑን እንዴት እንደሚሸከም የሚማረው ከእርስዎ ፊት ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ውሻው የሞተው በልጁ ጥፋት ያለመሆኑን ያስረዱት፤ ልጆች ይህን ፍርሃት በልባቸው ደብቀው ይይዙታልና።

እርስዎም ቢሆኑ ለጥቂት ቀናት ልብዎ ቢከብድ አይደነቁ። ዓመታት አብሮ የኖረ ፍጥረት ነው፤ ማታ በሩ ሲከፈት ጸጥታው ይሰማል። ከሚያስተውል ሰው ጋር መነጋገር ይጠቅማል። በሥራ ባልደረባዎ ላይ ይህ ነገር የደረሰ እንደ ሆነም አይሣቁበት፤ «አይዞህ» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ከሰው ኀዘን ጋር ላናስተካክለው እንችላለን፤ ኀዘን መሆኑን ግን መካድ አይገባንም።

በመጨረሻ፣ ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ውሻዎ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጠው፤ በዓመቱም ይደገምለት፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይቀጥል። የፓርቮውም ክትባት በቡችልነቱ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይፈጸምለት። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ የተከተቡ እንደ ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ የሚዛመትበት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የእርስዎ ውሻ ሲከተብ የሚጠበቀው የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ የሚያልፈው የሰው ልጅም ጭምር ነው።

ወረቀትና እርሳስ በእጅዎ ካለ፣ በዚህ ሳምንት የሚፈጸሙ ሦስት ነገሮችን ይጻፉ። የመጀመሪያው፣ የውሻዎ የክትባት ደብተር የት እንዳለና መጨረሻ የተከተበው መቼ እንደ ሆነ መመርመር ነው። ሁለተኛው፣ በአቅራቢያዎ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቍጥር፣ በተለይም በሌሊትና በእሑድ የሚገኘውን፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ መለጠፍ ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬ ማታ ልጆችዎን፣ ሠራተኛዋንና ዘበኛውን ሰብስበው ይህን አንድ ቃል ማስተማር ነው፤ ውሻው ሲታመም መጀመሪያ ራቅ ብሎ ማየት፣ ቀጥሎ ለትልቅ ሰው መንገር፣ እጅ ግን ወደ አፉ አለመስደድ።

በጤና ይቈዩ።